በሌስተር ስም

የሽያጭ ክፍሉ ሰዎች ሶፍትዌሩን «አማቲቱ» ይሏት ነበር። ድርጅቱ ያወጣላት ስም ሌላ ነው። ነገር ግን «የት ዋልክ? ከማን ጋር ነበርክ? ለምን ዘገየህ? ምን ይዘህ መጣህ?» እያለች ቀኑን ሙሉ የምትጠይቅ ፍጥረት ሌላ ስም አይገባትም ያለው ከሻጮቹ አንዱ ዱጋልድ ነው። ዱጋልድ በሕይወቱ ሦስት አማቶች ስለነበሩት ማንም አልተከራከረውም።

ሌስተር ፕሪቻርድ ከሆርሻም ከተማ ወደ ሰሜን ባለው የስንዴና የምስር አገር ፀረ አረም፣ ማዳበሪያና የበግ የትል መድኃኒት ሲሸጥ ፀጉሩን የጨረሰ ሰው ነው። ዕቃ በዕቃነቱ እንደማይሸጥ ገና በጠዋቱ ገብቶታል። የሱም ፀረ አረም፣ የተፎካካሪውም ፀረ አረም ያንኑ አረም ነው የሚገድሉት። ልዩነቱ ያለው አንድ ሻጭ ከመኪናው ወርዶ በሚናገራት የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። ለዚያች ዓረፍተ ነገር ሲባል የማን ጉልበት እንደታመመ፣ የማን ልጅ ከማን ጋር እንደኮበለለ፣ የትኛው ውሻ እንደሚናከስ፣ የትኛው ባለቤት ከውሻው ብሶ እንደሚናከስ ማወቅ ያስፈልጋል። ሌስተር ይህን ሁሉ ጭንቅላቱ ውስጥ አኑሮት ነበር።

አማቲቱ መጣችና ጭንቅላትህን አራግፍ አለችው።

ሁሉም ሻጭ ስለ ደንበኞቹ የሚያውቀውን አንድም ሳያስቀር እንዲያስገባ ታዘዘ። የምሥራቁ ቀጠና ሻጭ የዋህ ሰው ነበርና አምኖ አስገባ፤ የደንበኞቹን ልጆች የልደት ቀን፣ የሚስቶቻቸውን የቀዶ ጥገና ዓይነት ሳይቀር። ጽፎ ሲጨርስ ኬክ ገዙለት፤ እጁን ጨብጠው ወደ ቤቱ ሸኙት። ቀጠናውም ሜልበርን ቢሮ ውስጥ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ ለምትቀመጥ፣ ከጥብስ በቀር በግ አይታ ለማታውቅ ልጅ ተሰጠ። ከኬኩ ሌስተርም ደርሶታል። የወሰነውም ያን ኬክ እየበላ ነው።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የክሪኬቱን ጨዋታ በቴሌቪዥን ከፍቶ፣ ቢራውን አጠገቡ አድርጎ ተቀመጠና ጻፈ። ዋጋው፣ የመሬቱ ስፋት፣ የዘሩ ዓይነት ሁሉ እውነት ነው። ስለ ሰዎቹ የጻፈው ግን ውሸት ነው። ተራ ውሸት ደግሞ አይደለም፤ ተጠምዶ የሚጠብቅ ውሸት ነው። ነገ ወንበሩን የሚወስደው ሰው ደንበኛው ጓሮ ገብቶ፣ ፈገግ ብሎ፣ ከማስታወሻው ያገኛትን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ሲናገር እዚያው እንዲነከስ።

ለምሳሌ ክላሪ ኑስኬ። ክላሪና ወንድሙ ኦልዊን የሚኖሩት በአንድ አጥር ግራና ቀኝ ነው፤ ሃያ ዓመት ሊሞላ ነው፣ አንድ ቃል አልተለዋወጡም። ክላሪ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ኦልዊን የአባታቸውን መሬት ግማሽ ለባዕድ ሸጦበታል። አንድ ጊዜ አንድ የመኖ ነጋዴ የክላሪን ጓሮ ረግጦ «ወንድምህ ሰላም ብሎሃል» ቢለው ክላሪ ምንም ሳይመልስ ወደ ቤት ገባ፤ ሲወጣ ጠመንጃ ይዞ ነበር፤ የነጋዴውንም የፊት ጎማ አስተነፈሰለት። ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር የኦልዊንን ስም ክላሪ ፊት የሚጠራ የለም። ሌስተር እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ስለ ወንድሙ ስለ ኦልዊን ማውራት ይወዳል። ዘንድሮ አብረው ለመዝራት አስበዋል። ሁልጊዜ ኦልዊን እንዴት ነው ብለህ ጀምር።» ብቻውን ሳቀ።

ደግሞ ወይዘሮ ኦብስት አሉ። ባላቸው ሮይ ሐይቁ ላይ ዓሣ ሊያጠምድ እንደወጣ ጀልባው ተገልብጣ ተገኘች፤ ሮይ ግን አልተገኘም። ወይዘሮዋ የሮይን ቦት ጫማ እስከዛሬ ከበረንዳው አላነሱትም። እዚያ ቤት ጀልባ የሚባል ቃል አይወጣም። ሌስተር ጻፈ፦ «ባሏ ሮይ ለጊዜው ነው የሄደው። መቼ እንደሚመለስ ጠይቃት፤ ደስ ይላታል።» ይህችን ሲጽፍ እጁ ትንሽ ቆም ብሎ ነበር። ከዚያ አንድ ተጫዋች ከሜዳ ተሰናበተና ሐሳቡ ወደዚያ ሄደ።

መዝሪያው ሲቃረብ የቀጠና ኃላፊዋ ብሮንዊን ተሊ ሁሉንም ሰብስባ የስጋ ፓይ አዘዘች። ብሮንዊን ክፉ ሰው አይደለችም፤ ነገሩን ያከበደውም ይኸው ክፉ አለመሆኗ ነው።

«ከነገ ጀምሮ ሶፍትዌሯ ራሷ ትጽፋለች» አለች።

«ደግሞ ልትጽፍ?» አለ ዱጋልድ። «ማን ያነብላታል?»

«ደንበኞቹ። በእናንተ ስም። እናንተ ስትነዱ እሷ ሰላም ትላቸዋለች፣ ታስታውሳቸዋለች፣ ሰው ከሰው ታገናኛለች። ጽፋችሁ የሰጣችኋትን አንብባ ልክ እንደ እናንተ ነው የምታወራው።»

«ኮሚሽኑን ማን ሊበላው ነው?»

«አንተ። እሷ አትበላም።»

«የማትበላ አማት!» አለ ዱጋልድ እጁን ወደ ጣሪያው ዘርግቶ። «እስከዛሬ የት ነበርሽ?»

ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀችና ቀጠለች። «የምንጀምረው በአንድ ሰው ቀጠና ነው። የሁላችሁንም አነበብኩት። አብዛኞቻችሁ ‹ደህና ሰው ነው› ብላችሁ ነው ያለፋችሁት። ዱጋልድ ያለ የሌለውን ሰው ሁሉ ‹ይጠጣል› ብሎ ጽፏል።»

«ይጠጣላ!»

«ሌስተር ግን…» አለችና ወደሱ ዞረች። «እኔ እውነቴን ነው፤ ሳነበው እንባዬ መጣ። ሁለቱ ሽማግሌ ወንድማማቾች። ባሏን የምትጠብቀው ሴትዮ። ሰው ደንበኛውን እንዲህ ይወዳል ብዬ አላሰብኩም ነበር።»

ተጨበጨበ። ሌስተር አፉ ውስጥ የነበረው ፓይ አሸዋ ሆነበት፤ ሊውጠውም ሊተፋውም አልቻለም።

«ብሮንዊን» አለ እንደምንም። «አንዳንዱ ነገር… አርጅቷል። መጀመሪያ ትንሽ ላስተካክለው?»

«እንዳትነካው! ውበቱ እንዳለ መሆኑ ነው።»

እዚያው አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ብትወጣው ነገሩ ያበቃ ነበር። ዋጋዋን ግን ያውቃታል፤ ለዚያች ዓረፍተ ነገር ኬክ እንኳ አይገዙለትም። ወንበሩን ላለማጣት ሲል ያጠመደውን ለማውጣት ወንበሩን መልቀቅ ሊኖርበት ነው። በስውር ላስተካክለው ብሎ መኪና ማቆሚያው ጋ ስልኩን ከፈተና የክላሪን ማስታወሻ ሊሰርዝ ጣቱን አሳረፈ።

«ለምን ይሰረዛል?» ስትል አማቲቱ ጠየቀችው። «መልስዎ ለኃላፊዎ ይላካል።»

ጣቱን አነሳ። ገበሬ መልእክት አያነብም አለ ለራሱ፤ የክላሪ ስልክ እንደሆነ የሚኖረው የኩሽና መሳቢያ ውስጥ ከሻማና ከተበላሹ ባትሪዎች ጋር ነው። ይህ እውነት ነበር። የኦልዊን ስልክ ግን የደረት ኪሱ ውስጥ ነው የሚኖረው፤ ይህን ማሰብ አልፈለገም።

በማግስቱ ሰማዩ የዝናብ ምልክት አልነበረውም። የታረሰው መሬት በነፋሱ እየተነሳ መንገዱን ይሻገር ነበር፤ መኪኖች በቀትር መብራት አብርተው ነበር የሚሄዱት። ሌስተር ከዋራክናቢል ከተማ አለፍ እንዳለ ስልኩ ጮኸና መኪናውን ጥግ አስያዘ።

አማቲቱ ሥራዋን ጀምራለች።

ለኦልዊን ኑስኬ፦ «ሰላም ኦልዊን፣ ሌስተር ነኝ። ክላሪ ሁልጊዜ ስላንተ ነው የሚያወራው። ዘንድሮ አብራችሁ ብትዘሩ ደስ ይለዋል። ለጋራ ትዕዛዝ ጥሩ ቅናሽ አለን። ዛሬ ከሰዓት ቤቱ ብትሄድ ይጠብቅሃል።»

ከሥሩ የኦልዊን መልስ ነበር፦ «እውነት? ራሱ ነው እንዲህ ያለው?»

«አዎ፣ ራሱ ነው። በጣም ይወድሃል። ሌስተር።»

ከዚያ የኦልዊን የመጨረሻ መልስ፦ «እሺ። ልብሴን ልልበስና እሄዳለሁ።»

ለክላሪም የዚያኑ ግልባጭ የሚመስል ነገር ተልኮለታል፤ አልተነበበም። መሳቢያው ውስጥ ነው።

ሌስተር ለክላሪ ደወለ፤ ጠራ፣ ጠራና ዝም አለ። ለኦልዊን ደወለ፤ ኦልዊን እየነዳ ስልክ የሚያነሳ ሰው አይደለም፤ ሁለት እጁ መሪው ላይ፣ አፍንጫው መስታወቱ ላይ ነው። ከዚያ አውራ ጣቱ የብሮንዊን ስም ላይ አረፈ። እንዳረፈ ትንሽ ቆየ። ቀድሜ ከደረስኩ ማንም ሳያውቅ ያልፋል ብሎ ስልኩን ወንበሩ ላይ ወረወረና ነዳጅ ረገጠ።

በዚያ አገር የሰው ግቢ ስትገባ በሩን ያገኘኸው ክፍት ከሆነ ክፍት፣ ዝግ ከሆነ ዝግ አድርገህ ነው የምታልፈው። የክላሪ በር ሁሌም ዝግ ነው፤ ሰንሰለቱም ሁለት ዙር ነው። አሁን ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ሰንሰለቱ አቧራው ላይ ተጋድሟል። የክላሪ ውሻ፣ ሌላ ጊዜ የሌስተርን ጎማ ካልነከሰች እህል የማይበላላት ኬልፒ የበግ ጠባቂ፣ የውሃ ታንከሩ ሥር ገብታ አፍንጫዋን በእግሮቿ መሃል ቀብራለች። አልጮኸችም። የኦልዊን ነጭ ፒክአፕ ከማሽን መጋዘኑ ፊት ቆሟል፤ በሩ አልተዘጋም፤ ኮፍያው መሬት ላይ ወድቋል።

ሌስተር ወረደ።

«ክላሪ!»

ነፋሱ የመጋዘኑን ቆርቆሮ ያንኳኳል።

«ኦልዊን!» አለ፤ እዚያ ግቢ ውስጥ ስሙን ጮክ ብሎ ሲጠራው የመጀመሪያው መሆኑ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የገባው።

«ግባ» አለ የክላሪ ድምፅ ከጨለማው።

ዓይኑ ብርሃኑን እስኪለምድ ትንሽ ፈጀ። ክላሪ የትራክተሩን ጎማ ተደግፎ ቆሟል፤ ጠመንጃው ክንዱ ላይ ተጋድሟል። ኦልዊን የማዳበሪያ ከረጢት ላይ ተቀምጧል። ለቀብር የሚለብሰውን ጥቁር ሱፍ ለብሷል፤ ክራቫት አስሯል፤ በሁለት እጁ ብርጭቆ ውሃ ይዟል። በሕይወት አለ።

«ሌስተር!» አለ ኦልዊን። ዓይኑ ቀልቷል። «ና፣ ና ግባ! ሃያ ዓመት ሙሉ ከዚህ ግትር አፍ አንዲት ቃል ስጠብቅ፣ ለካ ላንተ ነበር የሚያወራው? ምነው አንተስ፣ አንድ ቀን ሹክ ብትለኝ ምን ነበረበት?»

ሌስተር ክላሪን አየው። የክላሪ ፊት እንደ ተዘጋ ሱቅ ነበር።

«አዎ» አለ ክላሪ። «ለሱ ነበር የማወራው።» ከዚያ በዚያው ድምፅ «ና ሌስተር፣ እስከ በሩ ልሸኝህ» አለ።

ጎን ለጎን ሄዱ። ጠመንጃው አሁንም ክላሪ ክንድ ላይ ነው።

«አቧራውን ሳይ ሌባ መሰለኝ» አለ። «መኪናውን ሳይ አወቅኩት። ጠመንጃውን ያነሳሁት ካወቅኩት በኋላ ነው። ሰማኸኝ? ካወቅኩት በኋላ።»

«ክላሪ፣ እኔ…»

«ወረደ። የሳቅኩለት መስሎት እየሳቀ ነበር የመጣው፤ አልሳቅኩም፤ እሱ ግን ከሩቅ አያይም፣ ዓይኑ ደክሟል። ደግሞ ኮፍያውን አወለቀ። ቤተ ክርስቲያን የገባ ይመስል። ራሱ መላጣ ሆኗል። የአባቴን ራስ ነው ያየሁት። ጣቴ እዚያው ታጥፋ ቀረች።» ጣቱን አሳየው፤ አሁንም እንደታጠፈች ነበረች። «ከዚያ ያንን የጻፍክለትን አነበበልኝ።»

«ማሽኑ ነው፣ ክላሪ። አዲስ ነገር አምጥተውብን… ብቻውን ነው የሚጽፈው።»

«ማሽኑ የወንድሜን ስም ከየት ያውቀዋል?»

ነጫጭ በቀቀኖች ከባሕር ዛፉ ላይ ተነስተው እየጮኹ አለፉ። እስኪያልፉ ሁለቱም ጠበቁ።

«ይሄን ሁሉ ዓመት ሻዬን ስትጠጣ ስሙን አንድ ቀን አልጠራህም» አለ ክላሪ። «ለዚህ ነበር ካንተ የምገዛው። ፀረ አረምህማ ከሌላው ምን ይሻላል?» በሩ ጋ ደርሰው ነበር። «ለሱ አልነግረውም። የቀረው ዕድሜ ብዙ አይደለም፤ ወንድሜ ጠራኝ ብሎ ይሙት። አንተ ግን ውጣና በሩን ከውጭ ዝጋው። ሁለት ዙር።»

ሌስተር መኪናውን አወጣ፤ ሰንሰለቱን ከአቧራው አንስቶ ሁለት ዙር አዞረ። ክላሪ ወደ መጋዘኑ ሲመለስ ጀርባውን እያየ ሳለ ስልኩ ጮኸ።

«እንኳን ደስ አለዎት!» ትላለች አማቲቱ። «ጉብኝትዎ ተመዝግቧል። ከኑስኬ ወንድማማቾች ጋር ያለዎት ግንኙነት፦ እጅግ ጥሩ።»

ወዲያው ብሮንዊን ደወለች። ትንፋሽ አጥሯታል።

«አየሁት! ሁለቱም ስልኮች ካርታው ላይ አንድ ግቢ ውስጥ! ሌስተር፣ ይሄን የሚያህል ነገር በመጀመሪያው ቀን! ለሜልበርን ነገርኳቸው፤ በደስታ ሊያብዱ ነው። ምን ትጠብቂያለሽ፣ ልቀቂው አሉኝ። ለቀቅኩት።»

«ምኑን ነው የለቀቅሽው?»

«የቀጠናህን ሁሉ! አሁን እየወጣ ነው። አንተ ካለህበት ቦታ እየጀመረ፣ ቅርብ ለቅርብ፣ ዛሬውኑ እንድትደርስላቸው።»

ሌስተር መኪናውን ተደገፈ። ከፊቱ የሚታየው ሜዳ ሁሉ፣ በአቧራው ውስጥ እዚህም እዚያም ብቅ የሚለው የቤት ጣሪያ፣ የእሱ ደንበኛ ነው። በየጣሪያው ሥር አንድ ስልክ አለ።

«ብሮንዊን» አለ። «አጥፊው።»

«ምን?»

«አጥፊው። ውሸት ነው። የጻፍኩት ውሸት ነው።»

ሳቀች። «በል አትቀልድ፤ ዱጋልድ ነው እንዲህ በላት ያለህ?»

«ዋጋውና መሬቱ ልክ ነው። ስለ ሰዎቹ የጻፍኩት ነው። የሚተካኝ ሰው እንዲነከስ ብዬ ነው የጻፍኩት። ክላሪ ዛሬ ወንድሙን ሊገድለው ነበር፤ የዳነው መላጣ ስለሆነ ነው።»

ወንበሯ ሲንቋቋ ተሰማው። ከዚያ የኮምፒውተር ቁልፎች መንኳኳት፣ ፈጣን። ስትናገር ድምፅዋ የሌላ ሰው ነበር።

«የቱ የቱ ነው ውሸቱ?»

«ያስለቀሰሽ ሁሉ።»

ቁልፎቹ እንደገና ተንኳኩ።

«አስቁሜዋለሁ» አለች በመጨረሻ። «ከዚህ በኋላ አይወጣም። የወጣው ግን ወጥቷል፤ መልሼ ላመጣው አልችልም። የመኪናውን ቁልፍ ነገ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ታደርጋለህ።»

«አደርጋለሁ። ለማን ለማን ወጣ?»

«መጀመሪያ ለሁለቱ ኑስኬዎች» አለችና ቆመች። ያነበበችውን እሷም ልታምነው አልፈለገችም። «ከነሱ ቀጥሎ ለአንድ ሰው ብቻ። ሌስተር፣ ያቺ ባሏን የምትጠብቀው ሴትዮ… እሱም ውሸት ነው?»

«አይደለም» አለ ሌስተር። «እሷማ ትጠብቃለች።»

ስልኩን ዘግቶ መልእክቱን ፈለገው። «ሰላም ወይዘሮ ኦብስት፣ ሌስተር ነኝ። ሮይ ሊመለስ መሆኑን ሰምቼ በጣም ደስ ብሎኛል። ዛሬ እናንተ ጋ ብቅ እላለሁ።» ተነቧል። መልስ አልተጻፈለትም። ደወለላቸው፤ አያነሱም።

የወይዘሮ ኦብስት ቤት ከዚያ ሩቅ አይደለም። መንገዱን እያወቀው ከመኪናው ድምፅ ማጉያ ይነገረው ነበር፤ «ወደ ግራ ይታጠፉ» ትላለች አማቲቱ፣ የተቋረጠ ሥራ እንደሌለባት ሁሉ በለሆሳስ፤ «ቀጣይ ደንበኛዎ ወይዘሮ ኦብስት ናቸው። ስለ ባለቤታቸው ይጠይቋቸው።» ድምፅዋን ሊዘጋ ቁልፉን ፈለገ፤ አጣው፤ ሳይዘጋት ደረሰ።

በሩ ክፍት ነበር። ወይዘሮዋ በሩ አጠገብ ቆመዋል። ሽርጣቸውን አውልቀዋል፤ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሰዋል፤ ፀጉራቸው ከመታጠቡ የተነሳ ገና እርጥብ ነው። በረንዳው ላይ የነበረው ቦት ጫማ ተወልውሎ ያብለጨልጫል።

መኪናው ሲቆም ወደ ሌስተር አልመጡም። በሌላው በኩል ዞረው ባዶው ወንበር ያለበትን መስኮት በእጃቸው ከለል አድርገው ወደ ውስጥ አዩ። ከዚያ የኋላውን መስኮት አዩ። ከዚያ የዕቃ መጫኛውን ሸራ በጣታቸው ጫፍ ነካ አደረጉትና፣ ገልጠው ሳያዩ፣ ፊታቸውን መለሱ።

«ታሟል እንዴ?» አሉ። «ሌስተር? ለምን አይወርድም?»

ሌስተር በሩን ከፍቶ ወረደ፤ የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ለመናገር አፉን ከፈተ።